ጾም የማይገድፈው ሌባ

መርዕድ ደሴ ላይ ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረው ፎቶ ኮፒ ቤት የታሸገው በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግሥት ነው። በራሪ ወረቀት አባዝታችኋል ተባሉ። እውነትም አባዝተዋል፤ መርዕድ ግን አንዱንም አላነበበውም። ማሽኑ ወረቀት እንዳይነክስበት ሲጠብቅ ጽሑፉን የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሲታሰሩ አጎቱ ከአገር ውጣ እያሉ መቀመጫ መቆሚያ አሳጡት። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ለንደን ገባ፤ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ፤ የመኖሪያ ፈቃዱን እንዳገኘም ፓርክ ሮያል ካሉት የምግብ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ሳንድዊች በሚሠራበት፣ በኤጀንሲ በኩል ተቀጠረ።

እንግሊዝኛው ያስጨንቀው ነበር። ቃሉን ያውቀዋል፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን አፉ አይታዘዝለትም። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ከሚኖርበት መንገድ ማዶ ካለው፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቻሪቲ ሱቅ ገብቶ ካፖርት ሲፈልግ፣ በሲባጎ የታሰሩ የድሮ የሥዕል መጽሔቶች አየ። አንድ ሽማግሌ ሞተው ቤታቸው ሲጸዳ የመጡ ናቸው አሉት። ወረቀቱ ገርጥቶ ቢጫ ሆኗል። ሁሉም ስለ ወንጀል ነው፤ ባርኔጣቸውን ዝቅ ያደረጉ ሌቦች፣ የሚያዛጉ ፖሊሶች፣ መስኮት ላይ የሚታይ ጥላ። ንግግሩ አጫጭር ነው፤ ያልገባውን ቃል ሥዕሉ ያስረዳዋል። ካፖርቱን ትቶ እነሱን ይዞ ወጣ።

ከሁሉም የወደዳት አንዲቱን ነበር። ሽፋኗ ተገንጥሎ ስለ ጠፋ ስሟን እንኳ አያውቅም። በታሪኩ ውስጥ አንድ ሌባ የአንድን ከተማ ሀብታሞች ቤት እየዞረ ይዘርፋል፤ ብሩን፣ ፀጉራም ካፖርቱን፣ ሻማ ማቆሚያውን ሳይቀር ይወስዳል። ፖሊሶቹ የተወሰደውን እየጻፉ ወራት ይፈጃሉ። በኋላ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ከቤት ቤት እየዞረች ‹‹ምን ተረፈ?›› ብላ ትጠይቃለች። በየቤቱ የተረፈው ሰዓት ነው። አሮጊቷ ጎረቤቶቿን በሙሉ እራት ትጠራና የቆመ የጠረጴዛ ሰዓት ከሳህኖቹ መሃል ታኖራለች። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ትሑትና ተጫዋች ሰው፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ሰዓቱን ያነሣል፤ ጀርባውን ከፍቶ ይጠግነው ይጀምራል። ድሮ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሁሉን ሲሰርቅ የሰው ሰዓት መስረቅ ብቻ አልሆንለት ብሎት ኖሯል። በመጨረሻው ሥዕል ላይ የእንግዶቹ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተዘርግቷል፤ አሮጊቷም ፈገግ ብላለች።

መርዕድ ያቺን የመጨረሻ ሥዕል ስንት ጊዜ እንዳያት አይታወቅም። ደሴ እያለ በትምህርቱ መሃከለኛ፣ በጨዋታው ዝምተኛ፣ እናቱ እንኳ ‹‹ይሄ ልጅ አለ እንዴ?›› እያሉ የሚፈልጉት ልጅ ነበር። አሮጊቷም ማንም ዞር ብሎ የማያያት ሰው ናት። አንድ ቀን ግን ቤት ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ አያት።

ፋብሪካው ውስጥ የልብ ጓደኛው ዐብዱ ነበር፤ የወረባቦ ልጅ፣ የካንቲኑ ጽዳት ሠራተኛ። ቀልዱ አያልቅም። መርዕድን ‹‹እናንተ ክርስቲያኖች የዓመቱን ግማሽ ትጾማላችሁ፣ የቀረውን ግማሽ መጾማችሁን ታወራላችሁ›› ይለዋል። መርዕድም ‹‹አንተስ ወር ጾመህ አሥር ኪሎ ጨምረህ አይደል የምትወጣው?›› ይለዋል። ዐብዱ በዚያ ሰሞን ሚስቱን ከኮምቦልቻ ለማምጣት አፕላይ አድርጎ መልስ ይጠብቃል። ቋሚ ሥራ እንዳለው በየጊዜው ማስረጃ ይጠይቁታል። ሥራው ከተቋረጠ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፤ ከዚያ እንደ አዲስ መጀመር ነው፣ ያውም የሌባ ስም ይዞ።

የሌባ ስም የመጣው እንዲህ ነው። ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ከካንቲኑ ፍሪጅ የሰው ምሳ ይጠፋ ጀመር። በየቀኑ አይደለም፤ በሳምንት ሁለትም ሦስትም ጊዜ ነው። ምሳ ዕቃው ግን አይጠፋም። ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ከመታጠቢያው ዳር ይገኛል። መጀመሪያ ተሳቀበት። ጋሻው የሚባለው የመጫኛ ክፍል ሠራተኛ ዶሮው ሲጠፋበት ‹‹ሌባዬ ከሚስቴ ይሻላል፣ ዕቃ ያጥባል›› ብሎ ሰውን አሳቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋበት ግን አልሳቀም፤ ለማናጀሩ አመለከተ። ማናጀሩ ረጅም፣ ቀይ ፊት እንግሊዛዊ ነበር። ‹‹ሌባ የተያዘ ዕለት በዚያው ቀን ይሰናበታል›› የሚል ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፈ።

ማናጀሩ የራሱ ስሌት ነበረው። የአሳማ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች አንድም ቀን ተነክቶ አያውቅም። እንግዲህ ሌባው እስላም ነው። ካንቲኑ ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት መወልወያ ይዞ የሚቆም እስላም ደግሞ አንድ ነው። በየካቲት መባቻ ዐብዱን ቢሮ ጠርቶ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ስብሰባ እንዳለው፣ የሚያስረዳው ነገር ካለ እንዲዘጋጅ፣ ከዚያ በኋላ ኤጀንሲው እንደሚወስን ነገረው።

ዐብዱ ያን ቀን ባቡር ጣቢያው ድረስ አንድም አልቀለደም። ሊደርሱ ሲቃረቡ ብቻ ቆም አለ።

‹‹መርዕድ፣ አንተ ቋንቋው ይሻልሃል። ገብተህ የምትለውን በልልኝ። ከዚህ ሥራ ከተነቀልኩ እሷ አትመጣም።››

መርዕድ በማግሥቱ ማናጀሩ ዘንድ ገባ። አፉ እየተሳሰረ፣ ዐብዱ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ እንደማይቀምስ፣ የጋሻውን ዶሮ ከሚበላ ጾሙን ቢያድር እንደሚመርጥ አስረዳ። በአገራችን ይሄ የታወቀ ነው አለ። ማናጀሩ ዶሮ ዶሮ ነው ብሎ ሳቀና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ያን ማታ ነው ያቺ ሽፋኗ የጠፋ መጽሔት የታወሰችው። ምን ተረፈ? ደብተር አውጥቶ ከመስከረም ጀምሮ የጠፋውንና የተረፈውን እያስታወሰ ጻፈ፤ በማግሥቱም ሰውን እየጠየቀ ሞላው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልተነካም። በእነዚያ ቀናት የጠፋው የራሱ ምስር፣ አብራቸው የምትሠራው የሕንዷ ልጅ ሽምብራ፣ አንድ ጊዜም የአንዱ ደረቅ ዳቦ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ሥጋ፣ አይብ፣ እንቁላል የነካው የለም። ከገና ወዲህ ዶሮው እንደገና ሄደ፣ ከረቡዕና ከዓርብ በስተቀር።

ሌባው ይጾማል። ይሰርቃል እንጂ ጾም አይገድፍም።

መርዕድ አልጋው ላይ ተቀምጦ ለብቻው ሳቀ። እንዲህ ያለውን ሌባ ከእኛ በቀር ማን ያውቀዋል አለ። ነገር ግን እንደ ሐበሻ የሚጾሙ ኦርቶዶክስ ሮማኒያዎችም ነበሩ፣ ሥጋ የማይበሉ ሰዎችም ነበሩ፤ ማናጀሩ በዚህ ብቻ አያምንም። የቀን መቁጠሪያውን ቢያይ የሚመጣው ሰኞ የነነዌ ጾም መግቢያ ሆኖ ተገኘ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ ሦስት ቀን ብቻ። ሮማኒያዎቹ አያውቋትም። ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቋት ሐበሾች ሦስት ናቸው፤ እሱ ራሱ፣ ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ጾም የተወው ጋሻው፣ እና ወይዘሮ አስካለማርያም።

ወይዘሮ አስካለማርያም ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ በማሽኑ መጨረሻ ላይ ቆመው ክዳን የሚገጥሙ ሴት ናቸው። ድሮ ከቤይሩት ከአሠሪዎቻቸው ጋር ለንደን መጥተው፣ አሠሪዎቻቸው ሲመለሱ እሳቸው ቀሩ። እንግሊዝኛቸው ከ‹‹ጉድ ሞርኒንግ›› አያልፍም። ሁሉን ልጄ ይላሉ፤ ማናጀሩንም በአማርኛ ልጄ ይሉታል፣ እሱም ስማቸው መስሎት አንድ ሰሞን ‹‹ሚስስ ልጄ›› ይላቸው ነበር።

መርዕድ ስማቸውን ደብተሩ ላይ አልጻፈውም። አያደርጉትም ብሎ ሳይሆን፣ መጻፉ ስለ ከበደው ነው።

እሑድ ማታ ሁለት ዓይነት ምግብ ሠራ፤ በአንደኛው ምሳ ዕቃ ጥብስ፣ በሌላው ምስር። ጥብሱን ጨዉን እንኳ ሳይቀምስ ነው የሠራው። ሁለቱም ዕቃ አንድ ቀለም ነበር። ሰኞ ፍሪጁ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከሰዓት ሲመለስ ጥብሱ እንዳለ ነው፤ የምስሩ ዕቃ ታጥቦ ከመታጠቢያው ዳር ተደፍቷል። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ለሌላው ሰው ሰኞም ማክሰኞም የሥጋ ቀን ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም ነበሩ።

ማክሰኞ ከሥራ ሲወጡ በረዶ ጥሎ መንገዱ ተንሸራታች ሆኖ ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያም መውጫው በር ላይ ጠበቁት፣ ክንዱን ይዘውም እየተጠነቀቁ እስከ ጣቢያው አብረው ሄዱ። እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁት። የእግራቸው ሕመም ተሻላቸው ወይ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ታሽተውት እንደሆነ፣ ለሚካኤል ተስለው እንደሆነ። እሱ ደህና ናቸው ይላል። ከፋብሪካው እስከ ጣቢያው አሥራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል፣ በበረዶ ደግሞ ሃያ። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ‹‹እትዬ፣ የምሳው ነገር በዐብዱ ተሳብቧል፤ ያውቃሉ?›› ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ዛሬ እንዲህ ይላል። ያን ዕለት ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት የንጽሕና ስብሰባ አለ፣ ሠራተኛው ሁሉ ማናጀሩም ጭምር ካንቲኑ ውስጥ ይሰበሰባል። እራቱ ተዘጋጅቷል፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል፤ የቀረው ሰዓቱን ማስቀመጥ ነው።

ክንዱን ሲለቁት ‹‹ተባረክ›› አሉት።

ረቡዕ ጠዋት መርዕድ ሁለት ትልልቅ ኬክ ይዞ መጣ፤ ቅቤውና ክሬሙ የሚንጠባጠብ። ለማናጀሩ አስቀድሞ ሌባውን አሳይሃለሁ ብሎት ስለ ነበር፣ ስብሰባው እንዳለቀ ማናጀሩ እጁን አጣጥፎ ዕድል ሰጠው። መርዕድ የልደት ቀኔ ነው አለ። አልነበረም። ኬኩን ቆርሶ በየሳህኑ እያደረገ አዞረ። ሮማኒያዎቹ ወሰዱ፣ ሕንዷ ልጅ ወሰደች፣ ጋሻው ሁለት ወሰደ፣ ዐብዱ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቆ ወሰደ። ወይዘሮ አስካለማርያም ዘንድ ሲደርስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማው ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

‹‹መርዕድ ልጄ፣ ነነዌ እኮ ነው፤ ረሳኸው እንዴ? አንተም እንዳትቀምሰው፣ ቅቤ አለው።››

እንዳይገድፍ ነበር የፈሩለት።

መርዕድ እስከ ዛሬ ይህችን ቃል ሲያስብ ፊቱ ይነዳል። ያን ጊዜ ግን የጠበቀው ቃል ወጣለት። ዞሮ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ፤ አፉም፣ አይ ጊዜ፣ እንደዚያ ቀን ተፈትቶ አያውቅም። ስለ ረቡዕና ዓርብ አስረዳ፣ ስለ ገና ጾም አስረዳ፣ ሁለቱን ምሳ ዕቃ አነሣ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ከእኔ በቀር ዛሬ ጾመኛ የሆነው ማን እንደሆነ አሁን አያችሁ አለ። ማናጀሩ ቀስ ብሎ ወደ ወይዘሮ አስካለማርያም ዞረ። ሰውም ዞረ።

እሳቸው ምንም አልገባቸውም። የሰውን ፊት አይተው ‹‹ምን ይላሉ?›› አሉ። ጋሻው ነው ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብሎ የነገራቸው፤ ምሳ የሚወስዱት እርስዎ ነዎት ይላል፣ እስካሁን በዐብዱ ነበር የተሳበበው፣ ነገ ሊያባርሩት ነው አላቸው።

‹‹በዐብዱ?›› አሉ። ግራ ቀኝ ፈልገው ዐብዱን አዩት። የተገመጠ ኬክ በሳህን ይዞ ቆሟል። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

‹‹እኔ ነኝ። መርዕድ፣ በእንግሊዝኛ ንገረው። ዐብዱ የሰው እህል አይነካም፤ እኔ ነኝ በለው።››

ማናጀሩም ምን አሉ ብሎ የጠየቀው መርዕድን ነበር። የተናገሩትን በእንግሊዝኛ ተረጎመ። የተረጎመው ቃል አሥር አይሞላም፤ ከዚያ በፊት ከተናገረው ሁሉ ግን እሱ ከበደው። ቀና ብሎ ሲያይ ማንም ጣቱን አልዘረጋም። ሮማኒያዎቹ ወለሉን ያያሉ። ሕንዷ ልጅ ሽምብራዋ ስንት ጊዜ የጠፋባት ናት፤ ኬኩን ሳትነካው መልሳ አስቀመጠችው።

ወይዘሮ አስካለማርያም የፀጉር መሸፈኛቸውን አውልቀው አጣጠፉት። መታወቂያቸውን ከአንገታቸው አወጡ። ጥበቃው ሊሸኛቸው ሲመጣ በመርዕድ አጠገብ አለፉ፤ ገላምጠውት እንኳ ቢሆን ይሻለው ነበር። አላዩትም።

ሐሙስ የዐብዱ ስብሰባ ተሰረዘ። ማናጀሩ ይቅርታ የሚል ወረቀት ጽፎ ሰጠው፤ ያ ወረቀት ከማመልከቻው ጋር እንዲያያዝ ዐብዱ ኋላ ላይ ልኮታል። ያን ዕለት ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ መርዕድ አብረን እንሂድ ሲለው ቀድሞት ወጣ። መርዕድ ሮጦ ደረሰበት። ለአንተ ብዬ ነው አለው።

‹‹አዎ፣ ለምኜሃለሁ፤ አልክድም›› አለ ዐብዱ። ‹‹አንተ ግን መልስ አግኝተህ አዳራሽ ጠበቅህ። እኔ ሥራ ብፈታ፣ አላህ ካለ ሌላ ሥራ አገኛለሁ። እሳቸው ሌላ ስም ከየት ያመጣሉ?››

መርዕድ የሰው ምሳ መውሰድ እኮ ነውር ነው አለ።

‹‹ነውርማ ነው። እስቲ መስከረም ላይ የሆነውን ንገረኝ፣ አንተ ደብተር ያዥ። ምሳ መጥፋት የጀመረው መቼ ነው?››

መርዕድ መስከረም ማለቂያ አለ።

‹‹የምሳ ብሬክ የተከፋፈለውስ?››

መርዕድ ቆመ። እስከ መስከረም ድረስ የጠዋቱ ሺፍት ሠራተኛ በሙሉ በአንድ ላይ ነበር የሚበላው። ሐበሾቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ምሳ ዕቃውን መሃል ላይ ይከፍታል፣ ዐብዱ የራሱን ለብቻው ይዞ ከዳር ይቀመጣል፣ ጨዋታው ግን አንድ ነው። ወይዘሮ አስካለማርያም ሁልጊዜ ሻይ በፔርሙስ ያመጣሉ። ‹‹ብሉ፣ ብሉ›› እያሉ ለሰው ያጎርሱና በዚያው መሃል እሳቸውም ይበላሉ። ሻይ ብቻ ይዘው መምጣታቸውን ያስተዋለ የለም፤ ማን ምን አመጣ ብሎ መመልከት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ማናጀሩ ማሽኑ እንዳይቆም ብሎ ብሬኩን በየተራ ሲያደርገው ያ ጠረጴዛ ፈረሰ። ሁሉም በየሰዓቱ፣ በየጥጉ፣ ክዳኑ ላይ ስሙን ጽፎ ለብቻው መብላት ጀመረ። በኋላ እንደ ተሰማው፣ ሴትዮዋ የሚኖሩበት ቤት ባለቤት አልጋ እንጂ ማድቤት አላከራያቸውም ኖሯል። ምድጃ መንካት አይችሉም። የሚያገኙትን ደመወዝ ምን ላይ እንደሚያደርጉት የጠየቃቸው የለም፤ የሚያውቁት እሳቸውና አገር ቤት የሚልኩለት ወገናቸው ናቸው።

መርዕድ የተወሰደውን ጻፈ፣ የተረፈውን ጻፈ፤ መቼ እንደ ተጀመረ ግን ከደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ራሱ ጽፎት ሳለ አላየውም። መጽሔቷም ይሄን አላስተማረችውም። በእርግጥ መጽሔት ምን ያድርግ፤ በመጽሔቷ ውስጥ ያ ሰዓት ሠሪ ሌባ በማግሥቱ የት እንዳደረ፣ ጎረቤቶቹ ዳግመኛ እራት ተጠራርተው እንደሆነ የሚያሳይ ሥዕል የለም። መርዕድ ድሮ እንዲህ ያለ ሥዕል ይኖራል ብሎ አስቦም አያውቅም።

ዐብዱ አልተጣላውም። ሰላምታ አላቋረጠም፣ በሥራ ላይም ይተጋገዛሉ። ቀልዱ ብቻ ለሌላ ሰው ሆነ። መርዕድ በመጣ ጊዜ ወሬው ያልቃል፣ ሁሉም የሚሠራው ነገር ትዝ ይለዋል። ክፉ የተናገረው ሰው የለም። ጋሻው እንኳ ‹‹ከአንተ ጋር ሲበሉ ተጠንቅቆ ነው፣ ደብተር አለህ›› ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም ራሱ ጋሻው ቶሎ ወደ ሳቅ ለውጦታል። በበጋው መርዕድ ፋብሪካውን ለቆ መጋዘን ገባ።

ወይዘሮ አስካለማርያምን ለመፈለግ ዓመት ተኩል ፈጀበት። መፈለጉ አልከበደውም፤ የከበደው መነሣቱ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከሴቶቹ ወገን ይፈልጋቸዋል፤ የዱሮ ቦታቸው ላይ የሉም። ሰው እንዳያያቸው ሌላ ደብር ይሄዳሉ አሉት። በመጨረሻ አንዲት የማኅበራቸው ሴት ባተርሲ እንዳሉ፣ አንዲት አሮጊት እንግሊዛዊት እየጦሩ በዚያው እንደሚኖሩ ነገረችው። በፍልሰታ ማግሥት፣ ጾሙ ሲፈታ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ በሁለት አውቶቡስ ሄደ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። ትንሽ ቀላ ብለዋል፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቀዋል። ግባ አሉት። አሮጊቷ ሳሎን ተኝተው ስለ ነበር ማድቤት አስቀመጡት። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ሳይጠይቁት አቀረቡለት፣ እሱም ባይርበውም በላ፤ እምቢ ለማለት ፊት አልነበረውም።

የመጣበትን ነገር መንገድ ላይ ሲለማመደው ነው የዋለው። ‹‹እትዬ አስካለ፣ የዚያን ቀን…›› ብሎ ሲጀምር እናትህስ አሉት። እግራቸው ደህና መሆኑን ነገራቸው። ቆይቶ እንደገና ሲጀምር ወጡ ጨው አነሰው ወይ አሉት። አላነሰውም። ሦስተኛ ጊዜ ቀና ብሎ ይቅርታ የምትለዋን ቃል ሊያወጣ ሲል፣ ወይዘሮ አስካለማርያም ብርቱካኑን ከላስቲኩ እያወጡ ሳህን ላይ ይደረድሩ ነበር፤ እጃቸውን ሳያቋርጡ ተናገሩ።

‹‹ተወው ልጄ። የሠራሁትን እኔ አውቀዋለሁ፤ አንተም የሠራኸውን ታውቀዋለህ። ብናነሣው ማን ይጠቀማል?››

‹‹ይቅር ይበሉኝ ለማለት ነው የመጣሁት።››

‹‹ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ። ያንተንም አብሬ ነው የነገርኩት።›› ብርቱካኑን ደርድረው ጨረሱ። ‹‹የዐብዱ ሚስት መጣች?››

‹‹መጣች። ከጥቅምት ጀምሮ እዚሁ ናት። ሴት ልጅ ወልደዋል።››

ፊታቸው ፈካ። እሰይ አሉ፤ ማን ብለው ስም እንዳወጡላት፣ ዐብዱ አሁንም በዚያው ሥራ ላይ መሆኑን፣ ቤት አግኝተው እንደሆነ ጠየቁ። መርዕድ የሚያውቀውን ያህል መለሰ፤ ብዙ አያውቅም ነበር፣ ይህንንም የሰማው ከሰው ነው። እሳቸው ግን ያቺኑ ትንሽ ወሬ እንደ ሥጦታ ተቀበሉት። ሰላም በልልኝ፣ ሕፃኗን ሳምልኝ ሊሉ ጀምረው መሃል ላይ አቆሙ።

‹‹ይቅር፣ አትበልልኝ።››

በሩ ድረስ ሸኙት። ኮሪደሩ ጠባብ ስለ ነበር ትከሻቸው ይነካካል። መዝጊያውን ከፍተው ይዘው፣ ድምፃቸውን አሮጊቷን እንዳይቀሰቅስ ዝቅ አድርገው፣ የመጨረሻውን ነገር አሉት።

‹‹መምጣትህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ደግመህ አትምጣ፣ መርዕድ። ቂም የለኝም፤ ፊትህን ሳይ ያ አዳራሽ ይመጣብኛል። እዚህ ማንም የሚያውቀኝ የለም፤ እንዲህ ሆኜ ልሙት።››

እሺ እትዬ አለ። ደረጃውን ወርዶ መንገዱ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ቢያይ የማድቤቱ መስኮት ተከፍቶ የወጡ ሽታ ይወጣል፤ እሳቸው ሳህን ሲያጥቡ ይሰማል። የሚሄድበት አውቶቡስ መጣ፣ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። መርዕድ ፌርማታው ላይ ተቀምጦ ቀረ።